ትኬቱን ገና አትግዙት፦ በትንሽ ገንዘብ ለመጀመሪያ ጊዜ ውጭ አገር ለምትሄዱ

ይህን የምጽፈው አሁን ስልኩ ላይ የቅናሽ ትኬት ከፍቶ "ልግዛው ወይስ ልተወው" እያለ ለሚያመነታ ሰው ነው። አትግዙት። ቢያንስ ይህን አንብባችሁ እስክትጨርሱ ይቆይ።

የመጀመሪያውን የውጭ ጉዞዬን ማቀድ የጀመርኩት ከትኬት ነው። ብዙ ሰው የሚጀምረውም ከዚያው ነው። ዋጋው ወርዷል፣ ቀኑ ይመቻል፣ "የቀሩት መቀመጫዎች ጥቂት ናቸው" የሚል ቀይ ጽሑፍ ከታች አለ። ገዛሁት። ገንዘቡ የማይመለስ ዓይነት ትኬት ነበር፤ ርካሽ የሆነውም ለዚሁ ነው። ቪዛውን የጠየቅኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ተከለከልኩ፤ ትኬቱም የቪዛ ክፍያውም በዚያው ቀሩ። ከደሞዜ ላይ ቆንጠር እያደረግኩ ለወራት ያጠራቀምኩት ገንዘብ ነበር። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ክልከላው ሳይሆን የነገሮቹ ቅደም ተከተል ነው። ትኬቱን ወደ መጨረሻ ባደርገው ኖሮ ጉዳቱ በግማሽ ይቀንስ ነበር።

ያመለከትኩት ለሸንገን ቪዛ ነው፣ ብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ ለሚቀበሉት የአጭር ጊዜ ቪዛ። ሲከለከል የሚሰጠው ወረቀት የትኛውም አባል አገር ቢሆን አንድ ዓይነት ነው። ምክንያቶቹ በቁጥር ተደርድረው አጠገባቸው ትናንሽ ሳጥኖች አሉ። እናንተን የሚመለከተው ላይ ምልክት ይደረግበታል። የእኔ ወረቀት ላይ ሁለቱ ምልክት ተደርጎባቸው ነበር። አንዱ ስለ ጉዞው ዓላማና ሁኔታ የቀረበው መረጃ አስተማማኝ አይደለም ይላል። ሌላው ደግሞ ቪዛው ከማለቁ በፊት ተመልሼ ስለመውጣቴ ጥርጣሬ እንዳለ ይገልጻል። አንብቤው በጣም ተናደድኩ። ሰርቼ የምኖር ሰው ነኝ፣ የምመለስበት ቤት አለኝ፣ ምን ቆጥረውኝ ነው አልኩ። ለተወሰኑ ቀናት ወረቀቱን ማየትም አልፈለግኩም።

ሁሉ ነገር የተቀየረው ያስገባሁትን የሰነድ ኮፒ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣ እኔን ጨርሶ እንደማያውቅ ሰው ሆኜ ያነበብኩት ቀን ነው። የባንክ ስቴትመንቱ ላይ በየወሩ ደሞዝ ይገባል፣ ቀስ በቀስ ይወጣል። ከዚያ ማመልከቻው ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ አንድ ትልቅ ገንዘብ ድንገት ገብቷል። ታላቅ ወንድሜ "ሂሳብህ ሞላ ብሎ ይታይ" ብሎ ያስገባልኝ ነው። ወንድሜ በቅንነት ነው ያደረገው፣ ግን የማያውቀን ሰው ያንን መስመር ሲያይ "ይህ ገንዘብ የማን ነው?" ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ መልሱ ደግሞ ፋይሉ ውስጥ የለም። መሥሪያ ቤቴ የእረፍት ፈቃድ የሰጠኝ ደብዳቤ ላይ ያለው ቀንና የትኬቱ ቀን አይገጥሙም። ኢንሹራንሱ ከበረራው አንድ ቀን ዘግይቶ ይጀምራል። አጭር ፈቃድ ይዤ አራት አገር አያለሁ ብዬ ጽፌያለሁ። እያንዳንዱን ወረቀት ለብቻው ብታዩት ችግር የለበትም። አንድ ላይ ሲነበቡ ግን የአንድ ሰው ጉዞ አይመስሉም።

እባካችሁ ማመልከቻ ከማስገባታችሁ በፊት ይህን አድርጉ። አንድ ነጭ ወረቀት ላይ የምትሄዱበትንና የምትመለሱበትን ቀን ጻፉ፤ ከዚያ ትኬቱን፣ ማረፊያውን፣ ኢንሹራንሱን፣ የፈቃድ ደብዳቤውን አንድ በአንድ እያነሳችሁ ከዚያ ጋር አመሳክሩ። ስማችሁም በሁሉም ላይ ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፣ ፊደል ሳይጎድል ሳይጨመር መጻፉን እዩ። አንድ ምሽት ቢፈጅ ነው።

ከተከለከላችሁ ይግባኝ የማለት መብት አላችሁ፤ እንዴትና እስከ መቼ እንደሆነ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። እንደገና ለማመልከትም የግድ መጠበቅ ያለባችሁ ጊዜ የለም። ግን ያው ፋይል ተመልሶ ቢገባ ያው መልስ ነው የሚመጣው። ቀደም ሲል መከልከላችሁን ከተጠየቃችሁ አትደብቁ። የሸንገን አገሮች የጋራ የቪዛ መረጃ ቋት ስላላቸው ታሪካችሁ እዚያ አለ፤ የሰጣችሁት አሻራ ራሱ ለ59 ወራት ለሚቀጥሉት ማመልከቻዎች ያገለግላል። እኔ በሚቀጥለው ማመልከቻ ላይ መከልከሌን በግልጽ ጽፌ ምን እንደተስተካከለ በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዳሁ።

ሁለተኛውን ዕቅድ አሳነስኩት። አንድ አገር ብቻ፣ ጣሊያን፣ እሱም ሮም፣ ፍሎረንስና ቦሎኛ። ከተማ በቀነሳችሁ ቁጥር መጓጓዣው ይቀንሳል፣ ፋይሉም ለማንበብ ይቀላል። ብዙ አገር የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ደንቡ ይህ ነው፦ ብዙ ቀን ለምትቆዩበት አገር ነው የምታመለክቱት፤ ቀኖቹ እኩል ከሆኑ መጀመሪያ ለምትገቡበት። "የእገሌ አገር ቪዛ ይቀላል" ተብሎ እዚያ አመልክቶ ሌላ ቦታ መሰንበት ድንበር ላይ ጥያቄ ያስነሳል። ሸንገን አሁን 29 አገሮች አሉት። አየርላንድና ቆጵሮስ የአውሮፓ ኅብረት አባላት ቢሆኑም የቪዛው ክልል ውስጥ የሉም፤ እንግሊዝም የራሷ ቪዛ አላት። ለአንድ ጊዜ መግቢያ የሚሆን ቪዛ ይዛችሁ ለንደንን አይቼ ልመለስ ብትሉ መመለሻው ተዘግቶባችሁ ታገኙታላችሁ።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ነው፣ ቢዘገይ ደግሞ እስከ 15 ቀን ሲቀረው። ውሳኔው በመደበኛው ደንብ በ15 ቀን ውስጥ ይመጣል፤ ተጨማሪ ማጣራት ካስፈለገ እስከ 45 ቀን ሊሄድ ይችላል። ለኢትዮጵያ ዜጎች ግን እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 በወጣ የአውሮፓ ኅብረት ውሳኔ መደበኛው ጊዜ ራሱ 45 ቀን ሆኗል። ችግሩ ቀጠሮው ላይ ነው። በአውሮፓ በጋ፣ ከጁን እስከ ኦገስት ለሚደረግ ጉዞ ቀጠሮ ቶሎ ያልቃል፣ ስለዚህ ወራት ቀደም ብላችሁ መፈለግ ጀምሩ። ክፍያው እ.ኤ.አ. ከጁን 2024 ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ማመልከቻውን ለቆንስላው የሚቀበለው ማዕከል የራሱን የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራል። ብትከለከሉም የቪዛው ክፍያ አይመለስም።

ስለ ደላላ አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ያልደረሰበት ሰው የለም። "ውስጥ ሰው አለን፣ ያለቀ ጉዳይ ነው" የሚል አለ። "የሆቴል ወረቀት እንሠራልሃለን" የሚል አለ። ማመልከቻ ማዕከሉ ሰነድ ይሰበስባል፣ አሻራ ይወስዳል እንጂ ቪዛ አይወስንም። የሚወስነው ቆንስላው ነው። በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ሆቴል ደግሞ አንድ ስልክ ተደውሎ ይጣራል፤ ሐሰተኛ ሰነድ ማቅረብ ራሱን የቻለ የክልከላ ምክንያት ነው። ቅጹን ራሳችሁ ሙሉት። ረጅም ይመስላል እንጂ የሚጠይቀው የምታውቁትን ነው።

ገንዘቡን እንዲህ አሳዩት። ትንሽም ቢሆን በየወሩ የሚገባና የሚተርፍ ሂሳብ፣ በአንድ ቀን ከሚያብጥ ሂሳብ ይሻላል። የሚረዳችሁ ሰው ካለ በስውር አያስገባላችሁ፤ ወጪውን እንደሚሸፍን በግልጽ ደብዳቤ ይጻፍ፣ የራሱን ስቴትመንትና ዝምድናችሁን የሚያሳይ ማስረጃ ያያይዝ። ወንድሜ በሁለተኛው ጊዜ ያደረገው ይህንን ነው። ያንኑ ገንዘብ፣ በትክክለኛው ቦታ። ከዚያ በተጨማሪ የምትመለሱበትን ምክንያት የሚያሳይ ነገር ሁሉ ይግባ፦ ሥራ ላይ እንዳላችሁና መቼ ወደ ሥራ እንደምትመለሱ የሚገልጽ ደብዳቤ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የትምህርት ቤት ደብዳቤ፣ የቤተሰብ ማስረጃ። እኔ አንድ ገጽ ደብዳቤ ከላይ አደረግኩበት። ማን እንደሆንኩ፣ የት የት እንደማድር፣ ማን እንደሚከፍል፣ መቼ እንደምመለስ። አንድ ገጽ ይበቃል፤ ማንም ሰው የሕይወት ታሪክ አይጠይቃችሁም።

ፓስፖርቱን አትርሱ። ለሸንገን ከወጣችሁ በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል፣ ከተሰጠ 10 ዓመት ያላለፈው፣ 2 ባዶ ገጾች ያሉት መሆን አለበት። ሌሎች ብዙ አገሮች 6 ወር ይጠይቃሉ። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍንና በመላው ሸንገን የሚሠራ ይሁን። ስትገዙ "ቪዛው ቢከለከል ገንዘቡ ይመለሳል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ የክልከላ ወረቀቱን ሲያዩ የሚመልሱ አሉ።

ትኬቱስ? ብዙ ቆንስላዎች የሚፈልጉት የተያዘ በረራ ማሳያ እንጂ የተከፈለበት ትኬት አይደለም። አንዳንድ አየር መንገዶች በትንሽ ክፍያ ዋጋውን ለቀናት ይዘው ያቆዩላችኋል። የሚመለስ ትኬት መግዛትም ይቻላል፣ ትንሽ ይወደዳል። ከኪሳችሁ ተመልሶ የማይገኝ ገንዘብ የሚወጣው ቪዛው ፓስፖርቱ ላይ ተለጥፎ ከታየ በኋላ ነው።

ሲለጠፍም ቶሎ አትዝጉት፣ እዚያው ቆማችሁ አንብቡት። ተለጣፊው ላይ ሁለት ቀኖች አሉ፣ ከመቼ እስከ መቼ የሚለው። ከዚያ ለብቻው የቀናት ቁጥር አለ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለው ጊዜ ሰፋ ያለ ሊሆን ይችላል፤ መቆየት የሚፈቀድላችሁ ግን በቁጥር የተጻፈውን ያህል ቀን ብቻ ነው። የገባችሁበት ቀንም የወጣችሁበት ቀንም ይቆጠራሉ። ስንት ጊዜ መግባት እንደምትችሉም አጠገቡ አለ። ስማችሁ ወይም ቀኑ ከተሳሳተ ወዲያው አሳውቁ፣ አየር ማረፊያ ደርሳችሁ አይሆንም።

ሸንገን ከብዶ ከታያችሁ ሌላም መንገድ አለ። ቪዛ በኢንተርኔት የሚሰጡ ወይም ሲደርሱ የሚሰጡ አገሮች ለመጀመሪያ ጉዞ ጥሩ ናቸው። ለምሳሌ ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ቪዛን በኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ ተክታለች። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ግን የመንግሥቱን ድረ ገጽ መስለው ድርብ የሚያስከፍሉ ገጾች ስላሉ ነው። በፍለጋ መጀመሪያ የሚመጣውን ማስታወቂያ አትጫኑ፤ ከኤምባሲው ገጽ ተነስታችሁ ግቡ።

ማረፊያን እንዴት እንደያዝኩ ልንገራችሁ። ሁሉንም ያለ ክፍያ የሚሰረዝ አድርጌ ያዝኩ። የመሰረዣው ቀነ ገደብ ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው በማረፊያው አገር ሰዓት ስለሆነ፣ ስልኬ ላይ ከአንድ ቀን በፊት ማስታወሻ ሞላሁ። አስተያየት ስታነቡ ነጥቡን ብቻ አትዩ። የቅርብ ጊዜውን አስቀድሙ፣ ከዚያ ዝቅተኛ ነጥብ የሰጡትን አንብቡ። "ቁርሱ አነስ ይላል" ከሆነ እለፉት። "ሻንጣዬ ተከፍቶ አገኘሁት" ወይም "ማታ ስደርስ የሚከፍት ሰው አልነበረም" የሚሉ ሁለት ሰዎች ካሉ ሌላ ፈልጉ። የምትደርሱበትን ሰዓት ከእንግዳ መቀበያው የሥራ ሰዓት ጋር ማመሳከር በተለይ ለሌሊት በረራ ወሳኝ ነው።

አንድ ጊዜ ፍሎረንስ ውስጥ ቆንጆ ክፍል አገኘሁ፣ ከሌሎቹ በግማሽ የሚያንስ። ባለቤት ነኝ ያለው ሰው ወዲያው መለሰልኝና "ከዚህ ገጽ ውጭ በቀጥታ ብትልክልኝ ደግሞ እቀንስልሃለሁ" አለኝ። አልላክሁም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ያ ማስታወቂያ ጠፍቷል። ምንም ያህል ቢያምር፣ ክፍያው ከያዛችሁበት ገጽ ከወጣ መብታችሁም አብሮ ይወጣል።

ሆስቴል የምትፈሩ ካላችሁ አትፍሩት። ብዙ አልጋ ያለበት ክፍል ነው፣ የሴቶች ብቻ የሆነም አለ። ከታች ያለውን አልጋ ጠይቁ፤ ሌሊት ለመነሳትም ዕቃ ለማየትም ይመቻል። ሎከር፣ ማለትም የሚቆለፍ የዕቃ ሳጥን፣ ይሰጣችኋል፣ ቁልፉን ግን አብዛኛውን ጊዜ እናንተ ናችሁ የምታመጡት፤ ትንሽ ጓጉንቸር ቁልፍ ያዙ። የጆሮ መድፈኛ፣ የገላ ፎጣና ነጠላ ጫማም እንዲሁ። ወጥ ቤት ያለውን ምረጡ፤ ከሱፐርማርኬት ገዝቶ እዚያው ማብሰል ከማንኛውም ነገር በላይ ገንዘብ ያድናል። ሮም ውስጥ ደግሞ መነኮሳት የሚያስተዳድሯቸው የእንግዳ ቤቶች አሉ፤ ንጹህና ጸጥ ያሉ ናቸው፣ ብዙዎቹ ማታ በር የሚዘጉበት ሰዓት አላቸው። በብዙ የጣሊያን ከተሞች የከተማ ታክስ በሰውና በሌሊት እየተሰላ ለብቻው ይከፈላል፤ የያዛችሁበት ዋጋ ውስጥ ላይኖር ስለሚችል አስቀድማችሁ ጠይቁ። ፓስፖርት ሲጠይቋችሁም አትደንግጡ፣ የእንግዳን ማንነት ለፖሊስ ማሳወቅ በሕጋቸው ግዴታ ነው።

ርካሽ በረራ ላይ ገንዘብ የሚበላው ሻንጣ ነው። በትንሹ ዋጋ የሚፈቀደው ብዙ ጊዜ ከወንበር ሥር የሚገባ ቦርሳ ብቻ ነው፣ 40 በ30 በ20 ሳንቲሜትር አካባቢ። ከዚያ ካለፈ በሩ ላይ የሚጠየቀው ከትኬቱ ሊበልጥ ይችላል። ቤት ውስጥ በሜትር ለኩት፣ ኪሶቹ ሞልተው ሳለ። አንዳንዶቹ በኢንተርኔት ቼክ ኢን ካላደረጋችሁ ያስከፍላሉ። ቪዛ የሚያስፈልገው ፓስፖርት የያዘ ሰው ደግሞ ፍተሻ ከማለፉ በፊት ሰነዱን በአየር መንገዱ ጠረጴዛ ላይ አሳይቶ የመሳፈሪያ ወረቀቱ ላይ ማኅተም እንዲያስመታ የሚጠይቁ አሉ፤ ይህን ያላወቀ ሰው በሩ ላይ ደርሶ ይመለሳል።

ትራንዚትን በጣም አጣሩ። በሁለት የተለያዩ ትኬቶች ስትጓዙ ሻንጣችሁን ተቀብላችሁ እንደገና ማስገባት ሊኖርባችሁ ይችላል፤ ያ ማለት ደግሞ አገሩ ውስጥ መግባት ማለት ነው፣ ቪዛም ይጠይቃል። አሜሪካ ውስጥ ለማለፍ ብቻ የሚወርድ መንገደኛም ኢሚግሬሽን ያልፋል፣ ስለዚህ ያለ ቪዛ በዚያ በኩል የሚሄድ ርካሽ ትኬት ለብዙዎቻችን አይሆንም። የአንዳንድ አገር ዜጎች ደግሞ ከአየር ማረፊያው ሳይወጡ እንኳ በሸንገን አገር ለማለፍ የአየር ማረፊያ ትራንዚት ቪዛ ያስፈልጋቸዋል። ትኬቱን ከመክፈላችሁ በፊት ለየማቆሚያው አገር ለየብቻ አጣሩ።

ቪዛ ይዞ መግባት አይቀሬ አይደለም፣ የመጨረሻው ቃል የድንበር ኃላፊው ነው። የመመለሻ ትኬት፣ ማረፊያ፣ ኢንሹራንስ፣ በቂ ገንዘብ ሊጠይቃችሁ ይችላል። እነዚህን በወረቀት አትማችሁ በእጅ ቦርሳ ያዙ፤ ስልክ ባትሪ ይጨርሳል። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ አውሮፓ ፓስፖርት ላይ የሚመታውን ማኅተም ቀስ በቀስ በፊት ፎቶና በአሻራ ምዝገባ መተካት ስለጀመረች ሰልፉ ሊረዝም ይችላል፤ ቀጣይ በረራ ካላችሁ ሰፊ ሰዓት ተዉ። እኔ የተጠየቅኩት የት እንደማድርና መቼ እንደምመለስ ብቻ ነው። አጭር መልስ፣ ያለ ታሪክ።

ሮም ከፊውሚቺኖ አየር ማረፊያ ወደ ከተማ ሁለት ዓይነት ባቡር አለ። ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚባለው በቀጥታ ተርሚኒ ጣቢያ ይገባል፣ 14 ዩሮ ነው። መደበኛው 8 ዩሮ ነው፤ ትራስቴቬሬ፣ ኦስቲየንሴና ቲቡርቲና ላይ ያቆማል፣ ተርሚኒ ግን አይገባም። ማረፊያችሁ ከየትኛው እንደሚቀርብ አስቀድማችሁ ካያችሁ ልዩነቱ ኪሳችሁ ይቀራል። በከተሞች መካከል ፈጣን ባቡር ቀደም ብሎ ከተገዛ ይረክሳል፤ የክልሉ ባቡር ዋጋ ግን መቼም ብትገዙት ያው ነው። የወረቀት ትኬት ከያዛችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት ጣቢያው ላይ ባለችው ትንሽ ማሽን አስመቱት፤ አለዚያ ቅጣት አለ።

ውሃ አትግዙ። የሮም መንገዶች ላይ ናዞኒ የሚባሉ የብረት ቧንቧዎች ቀንና ሌሊት ንጹህ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈሳሉ። የታችኛውን አፍ በጣት ስትደፍኑት ውሃው ከላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጎንበስ ብሎ መጠጣት ነው። በየወሩ የመጀመሪያው እሁድ የመንግሥት ሙዚየሞችና ታሪካዊ ቦታዎች ነጻ ናቸው፣ ኮሎሲየምም ጭምር። ሰልፉ ረጅም ነውና በጠዋት ሂዱ።

ካርድ ሁለት ያዙ፣ በተለያየ ቦታ አስቀምጡ። ኤቲኤም ወይም የክፍያ ማሽን "በራስህ አገር ገንዘብ እንመንዝርልህ?" ብሎ ሲጠይቃችሁ እምቢ በሉ፤ ሁልጊዜ በዩሮ ምረጡ። የማሽኑ ምንዛሪ ከባንካችሁ የባሰ ነው።

ስትመለሱ የመሳፈሪያ ወረቀቶቻችሁን፣ የማረፊያ ደረሰኞቻችሁንና የቪዛውን ገጽ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ። ለሚቀጥለው ማመልከቻ ከየትኛውም ደብዳቤ በላይ የሚያግዛችሁ፣ በተፈቀደላችሁ ቀን ገብታችሁ በቀኑ መውጣታችሁ ነው። በሸንገን ደንብ መሠረት ባለፉት ሁለት ዓመታት ውስጥ ሦስት ቪዛ አግኝቶ በአግባቡ የተጠቀመ ሰው፣ ቀጥሎ ለአንድ ዓመት ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ ሊሰጠው ይችላል፤ ለኢትዮጵያ ዜጎች ግን በዚያው የ2024 ውሳኔ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ መስጠት ታግዷል። እኔ ያን ፋይል አሁንም አልጣልኩትም፤ ለሚቀጥለው ጉዞ ቀጠሮ መፈለግ የጀመርኩት በዚያው ነው።